ያረጀው ማርሽ ይጠገን ወይስ ይተው?

ነጂው በሁለተኛ ማርሽ ዳገት እየወጣ ነው። ነዳጅ ሲጨምር ከእግሩ ሥር «ቀጭ» የሚል ድምፅ ይሰማል። ማርሹ በራሱ ይወጣል፤ ሞተሩ ያለ ጭነት ይጮኻል፤ ሞተር ሳይክሉም ጉልበት አጥቶ ይቆማል። ከኋላ የጭነት መኪና እየተከተለ ከሆነ ነገሩ ተራ ብልሽት አይደለም። ባለንብረቱ ጋራዥ ሲደርስ አንድ ጥያቄ ይጠብቀዋል፤ ለአሮጌ ሞተር ሳይክል ካምቢዮ ማስከፈት ያዋጣል? መልሱ የሚገኘው ከኪስ ብቻ ሳይሆን ከብረት ጠባይም ጭምር ነው።

ያለቀው የቱ ነው?

የሆንዳን ሲጂ 125 ለምሳሌ እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ1976 ለገበያ የቀረበው ይህ ባለ አንድ ሲሊንደር ሞተር ሳይክል፣ በቂ ጥገና በማያገኝበት ሁኔታ እንዲሠራ ታስቦ የተነደፈ ነው። እንደ አብዛኞቹ ሞተር ሳይክሎች ሁሉ፣ በካምቢዮው ውስጥ ማርሾቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ዘወትር እንደተነካከሱ ይዞራሉ። ነጂው ማርሽ ሲለውጥ አንዱ ማርሽ በሹካ ተገፍቶ በዘንጉ ላይ ይንሸራተትና በጎኑ ባሉት ጥፍሮች አጠገቡ ካለው ማርሽ ጋር ይያያዛል።

በመሆኑም «ማርሽ አለቀ» የሚለው አነጋገር ሁለት የተለያዩ ችግሮችን ይሸፍናል። በአንድ ማርሽ ላይ ብቻ የሚሰማ የማያቋርጥ ጩኸት በአብዛኛው የጥርስ መበላትን ያመለክታል። ማርሹ በጭነት ጊዜ የሚወጣ ከሆነ ግን በቅድሚያ የሚጠረጠሩት ጥፍሮቹና ሹካው ናቸው። የጥፍሮቹ ፊት በጥቂት ዲግሪ ወደ ውስጥ ስለሚያዘነብል፣ የሞተሩ ኃይል በጨመረ ቁጥር ማርሾቹ ይበልጥ ይሳሳባሉ። ጠርዙ ሲዶለዱም ግን ዝንባሌው ይገለበጣል፤ ቀድሞ አቆራኝቶ ይይዛቸው የነበረው ያው ኃይል አሁን ያላቅቃቸዋል። በሜዳ የረጋው ማርሽ በዳገት የሚከዳው ስለዚህ ነው።

ብየዳ ለምን አያድነውም?

የማርሽ ብረት በተለምዶ 0.2 በመቶ ገደማ ካርቦን የያዘ ነው። ከ900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በሆነ ሙቀት፣ ካርቦን በሚመግበው አካባቢ ሲቆይ የገጹ ካርቦን ወደ 0.8 በመቶ ገደማ ያድጋል። ከዚያም በፍጥነት ሲቀዘቅዝ ገጹ እጅግ ይጠነክራል፤ ውስጡ ግን ምትን የሚችል ሆኖ ይቀራል። እንዲህ ባሉ ትናንሽ ማርሾች ላይ ይህ ቅርፊት ብዙውን ጊዜ አንድ ሚሊ ሜትር አይሞላም።

ሥራው ግን ከባድ ነው። ሞተሩ በደቂቃ 6000 ጊዜ ሲዞርና ዙሩ ወደ ካምቢዮ ሲገባ ወደ ሩብ ሲቀነስ፣ በግቤት ዘንጉ ላይ ያለ አንድ ጥርስ በሰዓት 90,000 ጊዜ ይጫናል። ቅርፊቱ አንዴ ካለቀ ለስላሳው ብረት ይህን አይቋቋምም። ብየዳ ቅርጹን ቢመልስ እንኳ ሙቀቱ የቀረውን ጥንካሬ ያጠፋል፤ ስንጥቅም ሊያስከትል ይችላል። ስለዚህ ያለቀ ማርሽ ይለወጣል እንጂ አይሞላም።

ውሳኔው

ከመክፈት በፊት ርካሹ ምርመራ ይቅደም። የማርሽ መርገጫው፣ የፍሪሲዮኑ ልክና ሰንሰለቱ ይታዩ። ከዚያም ዘይቱ ተቀድቶ ማግኔት ይለፍበት፤ የሚጣበቅ የብረት ስባሪ ከተገኘ አደጋ አለ። ካምቢዮውና ክራንኩ በአንድ ዘይት ስለሚሠሩ፣ ከማርሽ የተላጠው ብረት ኩሽኔታውንም ይበላል።

ማርሾቹን ለማውጣት ሞተሩን ከሻንሲው አውርዶ አካሉን ለሁለት መክፈል ግድ ነው። የእጅ ዋጋው አንድ ማርሽ ቢለወጥም ሦስት ቢለወጡ ብዙም አይለያይም። አንዴ ከተከፈተ ጥርሳቸው የተበላ ማርሾች ከነጥንዳቸው፣ ሹካው፣ ኩሽኔታውና የዘይት ጎማዎቹ አብረው መታየት አለባቸው። የዚህ ሁሉ ድምር ነው በደህና ሁኔታ ላይ ካለ አገልግሎት የሰጠ ሞተር ዋጋ ጋር የሚነጻጸረው።

ቀላል ጩኸት ብቻ ካለና ዘይቱ ንጹሕ ከሆነ መታገሥ ይቻላል። የሚወጣ ማርሽ ግን በወጣ ቁጥር ጥፍሩን ይበልጥ ስለሚያዶለዱም መዘግየቱ ወጪ ይጨምራል። የተሰበረ ጥርስ ካለ ጉዞው ያኔውኑ ይቁም፤ ስባሪው በማርሾች መካከል ቢገባ የኋላ ጎማውን በሩጫ ላይ ሊቆልፍ ይችላልና። ባለንብረቱ አሮጌውን ሞተር ሳይክል ለማዳን የሚያወጣውን ገንዘብ ሊያመዛዝን ይችላል፤ በዚህ ደረጃ ግን በሚዛኑ ላይ ያለው የራሱ ሕይወት ነው።