ሚዛን ላይ የማይወጡት

የምሠራው ዋግ ኽምራ ውስጥ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ፣ በምግብ እጥረት የተጎዱ ሕፃናት በሚታከሙበት ክፍል ነው። የክንዱ ዙሪያ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች የሆነ ልጅ፣ ሌላ ሕመም ካልታየበትና ፕላምፒነት የሚባለውን የታሸገ የሕክምና ምግብ ወድዶ ከበላ፣ የሳምንት ድርሻውን ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል። 7 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ በቀን 3 እሽግ ያህል ነው።

በሳምንቱ ተመልሶ ኪሎው አልጨምር ሲል እናትዮዋ መጀመሪያ የምትጠየቀው «ለሌሎቹ አካፍለሽ ይሆን?» ተብላ ነው። ባለፈው ክረምት አንዷ ሳትሸሽግ መለሰችልኝ፦ «ታላቁ አጠገቡ ቁጭ ብሎ እያየ፣ እንዴት አድርጌ ለአንዱ ብቻ ላጉርስ?» ታላቁም ቀሚሷን ይዞ ቆሟል። ገና አራት ዓመቱ ነው። ክንዱን ለካሁት፤ 12.1። ለፕላምፒነት አልደረሰም። ለእንደሱ ዓይነቱ ልጅ የሚሰጠው አልሚ ምግብ ደግሞ በዚያ ወር አልገባልንም ነበር።

እንዲህ ያለችን እናት የሚቆጣ ባለሙያ ሳይ ያንገበግበኛል። ቤተሰቡ በሙሉ ጾሙን በሚያድርበት ቤት ለአንድ ልጅ የታዘዘ ምግብ ለእሱ ብቻ አይቀርም፤ እንዲቀር መጠበቅም ጭካኔ ነው።

የእርዳታው ስንዴም ቢሆን በወረቀት እንደተጻፈው ቤት አይገባም። ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ ይባላል። ከዚያ ላይ ለወፍጮ ይሸጣል፣ ለጨውና ለሳሙና ይሸጣል፣ ባለፈው ወር ከጎረቤት የተበደሩት ይመለሳል። ዱቄት ሆኖ የሚቀረውን የሚመዝን የለም።

ጊዜውም አይገጥምም። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው ሴፍቲኔት የሚባለው የምግብ ዋስትና ፕሮግራም አብዛኛው ክፍያው ከጥር እስከ ሰኔ ባለው የሥራ ወቅት ላይ የታሰበ ነው። የእኔ ክፍል የሚሞላው ግን ከሐምሌ ወዲህ፣ ጎተራው ባዶ ሆኖ የመኸሩ እህል ገና እርሻ ላይ ሳለ ነው።

ስለዚህ የልጁን ካርድ ስሞላ ቤቱ ስንት ሰው እንዳለና ሴፍቲኔት ውስጥ ይኑሩ አይኑሩ እጠይቃለሁ። ከሌሉበት በጤና ኤክስቴንሽኗ በኩል ጉዳያቸው ለቀበሌው የምግብ ዋስትና ግብረ ኃይል ይደርሳል። ግብረ ኃይሉ ግን ኮታ አለበት፤ አንዱን ቤት ለማስገባት ሌላውን ማስወጣት ግድ ይለዋል። የሚወጡትንም አውቃቸዋለሁ፤ ልጆቻቸውን አክሜያለሁ። ከጤና ጣቢያ የሚላክ ቤተሰብ ከኮታው ውጪ ይታይ ብዬ ወረዳውን የምወተውተው ለዚህ ነው።