የተቆረጠ ነርቭ እንዴት ይቀጠላል?

በምሥራቅ ሱዳን የሚገኘው የገዳሪፍ ሜዳ በማሽላና በሰሊጥ እርሻው የታወቀ ነው። ከጎንደርና ከአካባቢው የተነሡ የቀን ሠራተኞች በመተማና በገላባት በኩል እየተሻገሩ ለብዙ ዓመታት በአጨዳው ሲሠሩ ኖረዋል። ማጭድ ግን አንዳንድ ጊዜ አገዳውን አልፎ የጨበጠውን እጅ ይቆርጣል። ቁስሉ ይሽራል፤ ጣቶቹ ግን ደንዝዘው፣ አልታጠፍ ብለው ይቀራሉ። ከቆዳው ጋር ነርቩም ተቆርጧልና።

ነርቭ በአንጎልና በሕብለ ሰረሰር፣ በጡንቻና በቆዳ መካከል መልእክት የሚያመላልሱ የብዙ ቀጫጭን ክሮች እሥር ነው። ሲቆረጥ ወደ ጣት ያለው ክፍል ይሞታል። ይህንንም እንግሊዛዊው ሐኪም አውገስተስ ዎለር እ.ኤ.አ. በ1850 በእንቁራሪት ምላስ ነርቭ ላይ አሳይቷል። ወደ ሕብለ ሰረሰር ያለው ጫፍ ግን እንደ ተቆረጠ ቁጥቋጦ ያቆጠቁጣል። የሚያድገው በቀን 1 ሚሊሜትር ያህል ብቻ ነው። ጡንቻ ደግሞ ያለ ነርቭ ዓመት ከመንፈቅ ያህል ከቆየ ሟሽሾ አይታዘዝም። «አጨዳው ይለቅና እታከማለሁ» ማለት ስለዚህ እጅን ሊያሳጣ ይችላል።

ሁለቱ ጫፎች ከተገናኙ ከጠጉር በቀጠነ ክር ይሰፋሉ። ካልተገናኙ ከበሽተኛው እግር ነርቭ ተወስዶ በመካከላቸው ይተከላል፤ የእግሩ ጠርዝ ግን ይደነዝዛል። ይህን ለማስቀረት ተመራማሪዎች ፊታቸውን ወደ እንስሳት አዞሩ። የእንስሳ አካል እንዳለ ቢተከል ሰውነት እንደ ባዕድ ቆጥሮ ያጠፋዋል። ስለዚህ ሕዋሳቱ ታጥበው ይወገዳሉ፤ የቤት ጭቃ ተራግፎ ቋሚና ማገሩ ብቻ እንደሚቀር ማለት ነው። ከከብት ጅማት በወጣ ኮላጅን የተሠራ ቱቦ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2001 ለሕክምና ተፈቅዷል። ከአሳማ ትንሹ አንጀት የተዘጋጀም አለ፤ ይህን ግን ሐኪሙ ለበሽተኛው አስቀድሞ ሊነግረው ይገባል፤ በመተማም ሆነ በገዳሪፍ ብዙው ሰው ከአሳማ የሚርቅ ነውና።

ቡቃያው በቱቦው ውስጥ ተመርቶ ያልፋል፤ የኮላጅኑም ቱቦ በጊዜ ብዛት ሟሙቶ ይጠፋል። የሚያገለግለው ግን ከ3 ሳንቲሜትር ለማይበልጥ ክፍተት ነው። ለረዥሙ ክፍተት አሁንም የራስ ነርቭ ይመረጣል።

ከሕክምናው በኋላ ሐኪሙ በነርቩ መንገድ ላይ በጣቱ መታ መታ ያደርጋል። ቡቃያው የደረሰበት ቦታ ሲነካ ይነዝራል፤ ነርቩ እያደገ ከሆነ ያ ቦታ በየወሩ 3 ሳንቲሜትር ያህል ወደ ጣቶቹ ይጠጋል።