ለነጋዴ መንገደኛ፤ አራት ቀን በባዝ ከተማና በአካባቢዋ

ለንግድ ጉዳይ ወደ ሎንዶን የሚሄድ ነጋዴ ሥራውን ፈጽሞ ጥቂት ቀን ሲተርፈው፣ ብዙውን ጊዜ በሱቆች መስኮት ፊት ሲዘዋወር ያሳልፈዋል፤ አለዚያም ዊንድሰርን፣ ስቶንሄንጅንና ባዝን በአንድ ቀን በሚያዞረው አውቶቡስ ይሳፈራል። በእንዲህ ያለው ጉዞ ለባዝ የሚደርሳት ጊዜ እጅግ አጭር ስለሆነ፣ መንገደኛው አጥብቆ የሚያየው የአውቶቡሱን መስኮት ነው። ለኢትዮጵያዊ ነጋዴ ግን ባዝና አካባቢዋ አራት ቀን የሚገባቸው ስፍራዎች ስለሆኑ፣ የጉዞውን አደራረግ ከዚህ በታች እንገልጻለን። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ባዝ ከሎንዶን በስተምዕራብ 170 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ ስትሆን፣ ከፓዲንግተን ጣቢያ የሚነሣው ባቡር በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ያደርሳል። ትኬቱ ቀደም ብሎ ሲገዛ ዋጋው በብዙ ይቀንሳል፤ ነገር ግን ርካሹ ትኬት የሚያገለግለው በላዩ ለተጻፈው ባቡር ብቻ ነው። በእንግሊዞች አቆጣጠር ጧት 8 ሰዓት ተኩል የተባለው በእኛ 2 ሰዓት ተኩል መሆኑን የዘነጋ ሰው ገንዘቡን ከሰረ ማለት ነው። የጉዞ ወረቀት የሚያዘጋጅ ጸሐፊ ሁለቱንም ሰዓት ጎን ለጎን ቢጽፍ ይበጃል። ማረፊያውም ለሦስቱም ሌሊት በባዝ አንድ ሆቴል ይሁን፤ ሌሎቹ ስፍራዎች ሁሉ ጧት ሄዶ ማታ መመለስ የሚቻልባቸው ናቸው። በሰንበትና ከኖቬምበር መጨረሻ ጀምሮ የገና ገበያ በሚቆምበት ወራት የአልጋ ዋጋ ስለሚወደድ፣ ማክሰኞ ገብቶ ዓርብ ማታ መውጣት ይመረጣል።

የከተማዋ መነሻ እንደ አዲስ አበባችን ሁሉ ፍልውሃ ነው። 46 ዲግሪ ሙቀት ያለው ውሃ በየቀኑ ከአንድ ሚሊዮን ሊትር በላይ ከምድር ይፈልቃል። ሮማውያን የሠሩት መታጠቢያ ዛሬ የሚታይ እንጂ የሚታጠቡበት አይደለም፤ ገላውን መታጠብ የሚፈልግ በ2006 ወደተከፈተው አዲሱ መታጠቢያ ይሂድ። ይሁን እንጂ ነጋዴን ይልቁንም የሚያስደንቀው፣ በ18ኛው ምዕተ ዓመት ከተማዋ እንግዳ በመቀበል ብቻ እንዴት እንደበለጸገች ነው። በ1767 እና በ1774 መካከል የታነጸው ሮያል ክሬሰንት 30 ቤቶች ያሉት ግማሽ ክብ ሕንጻ ነው። አናጺው ጆን ዉድ የፊቱን ገጽ ብቻ ወሰነ፤ ቦታውን የገዙት ሰዎች ደግሞ ከፊቱ በስተጀርባ እንደ ዓቅማቸውና እንደ ፍላጎታቸው ሠሩ። ስለዚህ ከፊት አንድ ቤተ መንግሥት ይመስላል፤ ከኋላ ግን የአንዱ ጣሪያ ከፍ፣ የሌላው ዝቅ ብሎ ይታያል። ባለሱቆች በግራና በቀኝ ሱቅ የተደረደረበትን የፑልትኒን ድልድይ ሳያዩ አይመለሱ።

ለእኛ ዋናው ግን ፌርፊልድ የሚባለው ቤት ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከ1936 እስከ 1940 በስደት የኖሩበት ሲሆን፣ በ1958 ለአረጋውያን መጠቀሚያ እንዲሆን ለከተማዋ ሰጥተውታል። ንጉሠ ነገሥቱ በዚህ ቤት ሳሉ በገንዘብ እጦት ይቸገሩ ነበር። ኬብል ኤንድ ዋየርለስ የተባለውን የሎንዶን ኩባንያ ለኢትዮጵያ መንግሥት የሚገባ ከ10,000 ፓውንድ በላይ ዕዳ አለበት ብለው ከሰሱ፤ በ1938ም በመጀመሪያው ፍርድ ቤት ተፈረደላቸው። ነገር ግን ይግባኙ ሳይወሰን የእንግሊዝ መንግሥት የኢጣልያን ንጉሥ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ብሎ ስላወቀ፣ የይግባኙ ፍርድ ቤት ገንዘቡን የመጠየቅ መብት ወደ ኢጣልያ ተላልፏል ሲል ፍርዱን ሻረው። ያልተከፈለ ሒሳብ በእጁ ያለ ነጋዴ የዚያን ቤት ክፍሎች በሌላ ዓይን ይመለከታቸዋል። ቤቱ በየቀኑ ለጎብኚ ስለማይከፈት፣ የቀኖቹ ቅደም ተከተል ከመወሰኑ በፊት ደብዳቤ ጽፎ የሚከፈትበትን ቀን መጠየቅ ግዴታ ነው።

ረቡዕ ለዌልስ ይሁን። አውቶቡሱ ከአንድ ሰዓት በላይ ይፈጃል፤ በዚያ ቀን ግን ገበያ ስለሚቆም ታላቁን ካቴድራልና ገበያውን በአንድነት ማየት ይቻላል። ስቶንሄንጅን የሚሻ አንድ ቀን ይጨምር፤ ከእነዚህ ጋር መቀላቀሉን አንመክርም።

ሐሙስ በባቡር ሩብ ሰዓት ያህል ተጉዞ ብሪስቶል ይገባል። ኮርን ስትሪት በተባለው መንገድ፣ በ1743 በተፈጸመው የነጋዴዎች መገበያያ አዳራሽ ፊት፣ «ሚስማር» የሚሏቸው አራት የነሐስ ገበታዎች ቆመዋል። የጥንት ነጋዴዎች ገንዘብ ቆጥረው የሚረካከቡት በእነዚህ ላይ ነበር፤ ጠርዛቸው ከፍ ያለው ሳንቲም ተንከባልሎ እንዳይወድቅ ነው። ከበላያቸው ያለው ሰዓት ሁለት የደቂቃ ዘንጎች አሉት፤ አንዱ የሎንዶንን፣ ሌላው 10 ደቂቃ ያህል ወደኋላ የሚቀረውን የብሪስቶልን ሰዓት ያመለክታል። ባቡር ከመጣ በኋላ በአንድ ከተማ ሁለት ሰዓት ማስላት የነጋዴው ዕጣ ሆኖ ነበር። የዚህች ከተማ ሀብት ግን ባሪያ ተደርገው ከተሸጡ አፍሪቃውያን ንግድም የተገኘ ነው። በ2020 ሕዝብ ከመንበሩ ገልብጦ ወደ ወደቡ ውሃ የጣለው የባሪያ ነጋዴው የኤድዋርድ ኮልስተን ሐውልት ኤም ሼድ በተባለው ሙዚየም ይገኛል፤ መግቢያውም በነጻ ነው።

ዕቃ ለሚገዙ አንድ ማሳሰቢያ እንጨምራለን። መንገደኛ ሲወጣ በአውሮፕላን ጣቢያ ያስመልስ የነበረው 20 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ ከ2021 መግቢያ ጀምሮ በዚያ አገር ቀርቷል። ባለሱቁ ዕቃውን በቀጥታ ወደ ውጭ አገር የሚልክ ከሆነ ግን ያለ ታክስ ሊሸጥ ስለሚችል፣ ከመክፈል በፊት መጠየቅ ይገባል።

ዓርብ ማታ የሚበር መንገደኛ ከባዝ በቀጥታ ወደ ሂዝሮው የሚሄድ አውቶቡስ ስላለ፣ ሻንጣውን ይዞ ሎንዶን መሀል መግባት አያስፈልገውም።