ከኦቾሎ በላይ ያየሁት የባልጩት ቁፋሮ

ማዕድን ሲባል ለብዙዎቻችን ቶሎ የሚመጣልን የለገደንቢ ወርቅ ነው። በጋሞ ተራሮች ግን ማሽን የማያውቅ፣ ከጥንት የመጣ ሌላ ሥራ አለ፤ ቆዳ ለመፋቂያ የሚሆን ባልጩት ማውጣት።

ኦቾሎ ከአርባ ምንጭ ወደ ሶዶ ሲሄዱ በስተግራ፣ አባያን ቁልቁል እያየች አለት ላይ የተቀመጠች መንደር ናት። ከዚያ ሻንጣዬን አዝዬ ወደ ደጋው ስወጣ፣ የክረምት ጎርፍ በሸረሸረው ገደል ሥር አንድ ቆዳ ፋቂ አባት አገኘሁ። ድንጋይ ቆፍረው ያወጣሉ፣ በሌላ ድንጋይ መታ አድርገው ያዳምጣሉ፣ አብዛኛውን ይጥሉታል። ውስጡ የተሰነጠቀ ድንጋይ ድምፁ ያስታውቃላ! ደህናውን ጠርበው ስለት ያወጡለትና እጀታ ላይ ይሰኩታል። በጋሞ እጀታው ሁለት ዓይነት ነው፦ «ዙካኖ» በግራና በቀኝ ሁለት ስለት በሙጫ ይይዛል፣ «ቱቱማ» ግን አንድ ብቻ፣ ያለሙጫ። የተፋቀው የከብት ቆዳ ለመኝታ ቁርበት ይሆናል።

በዚሁ ደጋ፣ በሞታ ዋሻ እ.ኤ.አ. በ2012 የተገኘው የ4500 ዓመት አጽም («ባይራ» ተብሏል) በ2015 ከአፍሪካ የመጀመሪያው ሙሉ ጥንታዊ ጂኖም ሆኖ ታተመ። ዓለም አወራለት። ባልጩት ጠራቢው ግን በጎረቤቱ ዘንድ «ደጋላ» ነው፤ በድሮው ልማድ መሬት አይሰጠውም፣ ከ«ማላ» ጋር አይጋባም። ልጆቹ ሥራውን ቢሸሹት ማን ይፈርድባቸዋል?

እኚያ አባት ሙያቸውን የተረከበ ልጅ የላቸውም። ዲፓርትመንታችን የመስክ ጉዞ ሲያወጣ ከዋሻው በፊት ወደሳቸው ቢወስደን እላለሁ።