የቤዝ ጊታር አንገት ሲቀየር ለምን ሜትር ያስፈልጋል?

የማሲንቆ አንገት ቢሰበር ሌላ እንጨት ይገባበታል፤ ፍሬት ስለሌለው ድምፁን የአዝማሪው ጣትና ጆሮ ይፈልጉታል። ባሕር ዳር፣ ግሽ አባይ ሰፈር ላለ ቤዝ ተጫዋች ግን ነገሩ እንዲህ አይቀልም። አዲሱ የሜፕል አንገት ላይ ፍሬቶቹ የተተከሉት በስሌት ነው፦ በየፍሬቱ የክሩ ርዝመት ለ1.0595 ይካፈላል።

በተለመደው ቤዝ ክሩ 86.4 ሳንቲ ሜትር ነው፤ 12ኛው ፍሬት ደግሞ ግማሹ ላይ። እዚያ ሲጫኑት ክሩ በእጥፍ ፍጥነት ይርገበገባል፤ አንድ ኦክታቭ ከፍ ይላል ማለት ነው።

ስለዚህ ብሎን ከመብሳታችሁ በፊት ከ12ኛው ፍሬት እስከ ብሪጁ ለኩ። 43.2 አካባቢ መሆን አለበት። የጥቂት ሚሊ ሜትር ልዩነት አያስጨንቅም፣ ብሪጁ ላይ ይስተካከላል። (ወፍራሙ ክር እንዲያውም ትንሽ ረዘም ማለት ይፈልጋል፤ ሲጫኑት ይወጠራላ!) የገዛችሁት ለ76.2ቱ አጭር ቤዝ የተሠራ አንገት ከሆነ ግን ሳትበሱት መልሱት።