ዐቢይ ጾም በኢትዮጵያ ካቶሊካውያን ዘንድ

ዐቢይ ጾም ወይም ሁዳዴ ክርስቲያኖች ከፋሲካ በፊት በጾም፣ በጸሎትና በምጽዋት የሚያሳልፉት ወቅት ነው። ለካቶሊክ ምእመናን ኑሯቸውን ከአሥርቱ ትእዛዛት ጋር እያስተያዩ ኅሊናቸውን የሚመረምሩበትና ንስሐ የሚገቡበት ጊዜም ነው።

ትእዛዝና ጾም

በካቶሊክ ትምህርት አሥርቱ ትእዛዛት የእግዚአብሔር ሕግ ናቸው። በየትኛው ቀንና እንዴት እንደሚጾም የሚወስነው ግን የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ነው። ስለዚህ ሕመምተኛ ወይም አረጋዊ ከጾም ነጻ ሊሆን ይችላል፤ «አትስረቅ» ከሚለው ትእዛዝ ግን ማንም ነጻ አይሆንም። ይህ ሐሳብ በትንቢተ ኢሳይያስ ምዕራፍ 58 ካለው ትምህርት ጋር ይስማማል፤ በዚያ እግዚአብሔር የሚወደው ጾም የተጨቆኑትን ነጻ ማውጣትና ለተራበ እንጀራን መቁረስ እንደሆነ ተገልጿል።

የጾም ሥርዓት

የኢትዮጵያ ካቶሊካውያን የግዕዝ ወይም የላቲን ሥርዓትን ይከተላሉ። በላቲን ሥርዓት ጾሙ በዐመድ ረቡዕ ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በ1983 በወጣው የቀኖና ሕግ መሠረት ዐመድ ረቡዕና ስቅለት የጾም ቀናት ናቸው። ዓርብ ቀን ከሥጋ መከልከል ከ14 ዓመት ጀምሮ ሲታዘዝ፣ ጾሙ ደግሞ ከ18 ዓመት አንሥቶ 60ኛው ዓመት እስኪጀመር ይጸናል። በግዕዝ ሥርዓት እሑዶቹ እንደ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ዘወረደ፣ ቅድስት፣ ምኩራብ፣ መፃጉዕ፣ ደብረ ዘይት፣ ገብር ኄር፣ ኒቆዲሞስና ሆሳዕና ተብለው ይጠራሉ።

ታሪክ

ጾም በኢትዮጵያ የካቶሊክ ታሪክ ውስጥ የክርክር ምክንያት ሆኖ ነበር። ዐፄ ሱስንዮስ እ.ኤ.አ. በ1622 የካቶሊክ እምነትን በይፋ ከተቀበሉ በኋላ፣ ፓትርያርክ አልፎንሶ ሜንዴዝ የአገሩን ሥርዓት በላቲን ሥርዓት ለመተካት ሞከሩ። ሕዝቡ ሲያምፅ፣ በቅዳሜ ፈንታ ረቡዕን መጾም እንደሚቻል ጨምሮ አንዳንድ ነገሮች ተፈቀዱ። ዐመፁ ግን አልበረደም፤ ንጉሡም እ.ኤ.አ. በ1632 የቀድሞውን እምነት መልሰው መንግሥቱን ለልጃቸው ለፋሲለደስ አስረከቡ።

እ.ኤ.አ. በ1839 የመጡት ጣሊያናዊው ሚሲዮናዊ ዩስጢኖስ ዴ ያቆቢስ ሌላ መንገድ መረጡ። የግዕዙን ሥርዓት አክብረው እንደ አገሩ ሰው ኖሩ። በእርሳቸው ዘመን ወደ ካቶሊክ እምነት የገቡት የጎጃሙ መነኩሴ አባ ገብረ ሚካኤል በእምነታቸው ምክንያት ታስረው እ.ኤ.አ. በ1855 ሞቱ፤ እ.ኤ.አ. በ1926 ብፁዕ ተብለዋል።

በአርብ ገበያና በአካባቢው

አርብ ገበያ በደቡብ ጎንደር የታች ጋይንት ወረዳ ከተማ ነው። የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ነዋሪ አብዛኛው የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ተከታይ ነው። በካቶሊክ አስተዳደር የአማራ ክልል የሚገኘው እ.ኤ.አ. በ2015 በተመሠረተው የባሕር ዳር ደሴ ሀገረ ስብከት ሥር ነው። በኢትዮጵያ ያሉ ካቶሊካውያን ፋሲካን የሚያከብሩት ከኦርቶዶክሶች ጋር በአንድ ቀን ስለሆነ፣ እንዲህ ባለ አካባቢ የሚኖር ካቶሊክ ጾሙንም በዓሉንም ከጎረቤቱ ጋር ያሳልፋል።

የከተማው ስም እንደሚያሳየው ዓርብ የገበያ ቀን ነው፤ ለሁለቱም አብያተ ክርስቲያናት ደግሞ ጌታ የተሰቀለበት ዕለት መታሰቢያ ነው። ጾምና ትእዛዝ በአንድ ቀን የሚገናኙትም እዚህ ላይ ነው። የካቶሊክ ትምህርተ ክርስቶስ ሰባተኛውን ትእዛዝ «አትስረቅ»ን ሲያብራራ፣ በንግድ ማጭበርበርን፣ ተገቢ ያልሆነ ደመወዝ መክፈልንና በሌላው ችግር ወይም አለማወቅ ተጠቅሞ ዋጋ ማስወደድን ያወግዛል። ስለዚህ ከሥጋ ተከልክሎ ሚዛን የሚያጓድል ነጋዴ የጾሙን ሥርዓት ቢጠብቅም ትእዛዙን አፍርሷል። ንስሐውም የወሰደውን ለባለቤቱ እንዲመልስ ይጠይቀዋል።