ሦስት መቶ ብቻ አልነበሩም

አንባቢ ሆይ! እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2007 ዓ.ም. በየሲኒማ ቤቱ የታየውን የዛክ ስናይደርን «ሦስት መቶ» ተመልክተው ይሆናል። እኔም አይቼዋለሁ፤ ደስ አላለኝም ብል ዋሸሁ። ጦር ይወረወራል፤ ደም እንደ ቀለም ይረጫል፤ ንጉሥ ሌዮኒዳስ እንደ አንበሳ ያገሣል።

ጭንቄ የመጣው በፈተና ነው። ስለ ቴርሞፒሌ ጦርነት ብጠይቅ አንዱ ተማሪዬ «ስፓርታውያን ራቁታቸውን ይዋጉ ነበር፤ ዜርክሲስም ቁመቱ የሁለት ሰው ያህል ነበር» ብሎ ጻፈ። ምን ላድርገው? ልጁ የጻፈው ያየውን ነው። ግማሽ ማርክ ሰጠሁት።

ፊልሙ የተወሰደው ፍራንክ ሚለር በ1998 ካወጣው የሥዕል ታሪክ እንጂ ከታሪክ መጽሐፍ አይደለም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ480 ዓመት የዘመተው ስፓርታዊ የነሐስ ቁር ደፍቶ፥ ከባድ ክብ ጋሻ አንግቦ፥ በጋሻውም ጎረቤቱን እየከለለ ነበር የሚዋጋው። ስለ ነጻነት ሲፎክር ደግሞ እርሻውን የሚያርሱለት ሄሎት የተባሉ ገባሮች ነበሩት!

እኔን የከነከነኝ ግን የቴስፒያ ሰዎች ነገር ነው። በፊልሙ አጋሮቹ ሲመለሱ ስፓርታውያን ብቻቸውን ይቀራሉ። ሄሮዶቱስ የሚተርከው ሌላ ነው፤ 700 ቴስፒያውያን በገዛ ፈቃዳቸው ከሌዮኒዳስ ጋር ቀርተው አብረውት አለቁ።

ይኸው ጸሐፊ በዜርክሲስ ሠራዊት ውስጥ «ኢትዮጵያውያን» የሚላቸው፥ የነብርና የአንበሳ ቆዳ የለበሱ ቀስተኞች እንደ ነበሩ ጽፏል። ይህን ለክፍሉ ብነግር ሁሉም ዝም አለ። በኋላ ያው የግማሽ ማርኩ ልጅ እጁን አወጣና «መምህር፥ ታዲያ እኛ የማን ወገን ነበርን?» አለኝ።